ሻሺቱ ያስቆመችው መጽሐፍ

ሲቀላ ገበያ፣ ጥጥ ተራው ጥግ ካለችው የሽፈራው ዛፍ ሥር፣ እንዝርት እያሾረች የምትቀመጥ አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። ሻሺቱ ትባላለች። ጥሩ ፈትል የሚፈልግ የዶርዜ ሸማኔ ሁሉ ያውቃታል። እኔ ግን የማውቃት በገበያ አይደለም፤ በአጥር ነው። ግቢያችን ጎን ለጎን ነበር፤ በመሀላችን ያለው አጥር ከዘመን ብዛት ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ አውጥቷል። የምትመጣው በዚያ ነው። በዋናው በር ዞራ ከመጣች ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ስለ እርሷ የምጽፈው ትልቅ ሥራ ሠርታ አይደለም። ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው የሚጽፍለት አያጣም። እኔም ጸሐፊ አይደለሁም፤ አባቴ ወታደር ሆኖ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ አርባ ምንጭ የቀረ ሰው ነው፣ እኔን ስድስተኛ ክፍል ድረስ አስተምሮ ዳረኝ። ከዚያ ወዲያ ብዕር የያዝኩት ለዕድር ልፈርም ብቻ ነው። ሻሺቱ ካረፈች ወዲህ ግን ራስጌዬ ላይ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ባየሁት ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች። እንግዲህ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

መጽሐፉን ያመጣችው ቤተል ናት። ቤተል መምህርት ነች፤ ሰርቪስ ቤቴን ተከራይታ ትኖር ነበር። ወደ ምዕራብ ዓባያ ተዛውራ ዕቃዋን ስትጭን ይሄ መጽሐፍ ካርቶኑ ውስጥ አልገባ አላት። ሽፋኑ ተገንጥሎ የለም፤ ውፍረቱ ጡብ ያህላል።

«እማማ አገርነሽ፣ ይሄን ለእርስዎ ልተውልዎት» አለችኝ።

«ከዳዊት ሌላ ምን አነባለሁ ልጄ?»

«ይሄ ዳዊት አይደለም፤ ወደ አማርኛ የተመለሰ ልብ ወለድ ነው። ንጉሥ አለበት፣ ጦርነት አለበት፣ ንጉሡን ጠላት እያሳደደው ዋሻ ለዋሻ ይንከራተታል።»

«እንግዲያማ ዳዊት ነው!»

ሳቀች። ደራሲው ኬልቶች የሚባሉ የጥንት ፈረንጆችን ተረት ይዞ፣ ከራሱም ጨምሮ የጻፈው ነው ብላ አስረዳችኝ። ኬልቶች። ቃሉን ደጋግሜ አልኩት፤ አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ሆነብኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። አንድ ዛፍ ለመግለጽ ገጽ ሙሉ ይፈጃል። ሁሉም ሰው ቀይ ጢም አለው፤ ማን ማንን እንደገደለ ለማወቅ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ማንበብ ነበረብኝ። ኮረብታ ሥር የሚኖሩ፣ ለሰው የማይታዩ ሰዎችም አሉበት፤ እነሱን ሳነብ አማትቤ ነው የማልፈው። አንድ ነገር ግን ያዘኝ። ዝናቡ። ያ ሰው ዝናብ መጻፍ ያውቃል። በዚህ በእኛ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ይበርደኝ ነበር።

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ሳነብ አፌ ይንቀሳቀሳል፤ የልጅነት ልማዴ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻሺቱ በቀዳዳዋ ብቅ አለች፣ እንዝርቷን እንደያዘች።

«ምንድን ነው የምታጉተመትሚው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«ለብቻሽ? እኔ የአጥር እንጨት ነኝ? ጮክ በይ እንጂ!»

ሻሺቱ ፊደል አልቆጠረችም። የመጽሐፍ ቅዱሱን ቃል ግን እሑድ እሑድ ሰምታ ሰምታ ከእኔ በላይ በቃሏ ትይዛለች። እሷ የወንጌል አማኝ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ጾም ሲገባ ትስቅብኛለች፣ መዝሙራቸው ሲረዝም እስቅባታለሁ። ከእንግዲህ የሚስቅብኝም የለ።

እሷ ባዘቶዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትፈትላለች፣ እኔ አነባለሁ። የእሷ ፈትል ሲበጠስ እኔ አቆማለሁ፤ ምራቋን ነካ አድርጋ ስትቀጥለው እኔም እቀጥላለሁ። እንዲህ እያደረግን ያን ጡብ ገፋነው።

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አንድ ሐሳብ ያዘች። አገሩን አነበብኩላት፤ ጭጋጉን፣ በጉን፣ የገብስ ማሳውን፣ ሰው መጥረቢያ የማያነሣበትን ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ትላልቅ ድንጋይ የቆመበትን ሜዳ። እንዝርቷን አቆመችና፣

«ጨንቻ ነው» አለች።

«የፈረንጅ አገር ነው እኮ ሻሼ።»

«ጭጋግ አለ፣ ገብስ አለ፣ የማይነካ ዛፍ አለ፣ ዱቡሻው ላይ ድንጋይ ቆሟል። ጨንቻ ካልሆነ ዶርዜ ነው። የፈረንጅ ስም አውጥተውለት ነው።»

ዱቡሻ የምትለው ጋሞ ደጋ ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበትን ሜዳ ነው። እሷ ከዚያ ነው የወረደችው። ባሏ ጋሻዬ ሸማኔ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች አግብቷት ሥራ ፍለጋ ይዟት ወደ ቆላ ወረደ፤ እዚሁ ሞቶ እዚሁ ቀበረችው። ልጅ አልወለዱም። ከእናቷ ማሕፀን የቀራት አንድ ወንድም ብቻ ነው፣ ካሱ የሚባል፣ እዚያው ዶርዜ። ስለ ካሱ ግን አታወራም። እኔም አልጠይቅም፤ የሰው ዝምታ የሰው ግቢ ነው።

የመጽሐፉ ንጉሥ ፊርዳን ይባላል። ከወንድሙ ከኦርን ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሻሺቱ ንጉሡን እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የምትወቅሰው። ሁለት ጦር ወንዝ ለይቶት ፊት ለፊት የቆመበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አላስነብብ አለችኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሽማግሌዎቹ የታሉ?»

«አልተጻፈም።»

«እርጥብ ሣር ይዞ መሀላቸው የሚንበረከክ አንድ ሰው የለም?»

«የለም አልኩሽ፤ ሊዋጉ ነው።»

«ታዲያ ንጉሥ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችና ተናደደች። በእውነት ተናደደች። እኔም አንድ ጊዜ ከተማችን ውስጥ ጎረምሳው ሁሉ ለበቀል ተቆጥቶ ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች ሣር በእጃቸው ይዘው አስፋልት ላይ መንበርከካቸው ትዝ አለኝ። ሽበት መሬት ላይ ሲወድቅ ያየ ጎረምሳ ድንጋዩን ጣለ። የፊርዳን አገር ያ አልነበረውምና ወንዙ ቀላ። ሻሺቱ የዚያን ቀን ፈትሏን ጠቅልላ ሳትሰናበተኝ ገባች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ፊርዳን ሲወለድ ከኮረብታው ሥር አንዲት አሮጊት መጥታ አንድ እገዳ ጥላበት ሄዳ ነበር። «ሰው ከኋላህ በስምህ ከጠራህ፣ ሳትዞርለት ወንዝ እንዳትሻገር» የሚል ነው። ከተሻገረ የላሙ ጡት ይነጥፋል፣ ገብሱ ገለባ ይሆናል። ይሄን ሳነብላት ሻሺቱ ደስ ብሏት ጭኗን መታች።

«ጎሜ ነው! ለፈረንጅ ማን ነገራቸው?»

ጎሜ ማለት የማይደረግ ነገር ሲደረግ የሚከተል ጣጣ ነው፤ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ከብቱንም ልጁንም ይከተላል፣ በደሉ በአደባባይ ተነግሮ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ አይለቅም ይላሉ የደጋ ሰዎች። ሻሺቱ እምነቷን ከለወጠች ወዲህ ጎሜ ተሽሯል ነው የምትለው። ቢሆንም ደስ አላት፤ የአገሯን ሰው ሩቅ አገር እንዳገኘች ሆነች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ኩልፎ ወንዝ ደፍርሶ በሚወርድበት ሰሞን፣ የመሻገሪያው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ፊርዳን ከወንድሙ ጋር በእናታቸው ሞት ተጣልቶ ይሄዳል። ኦርን ከኋላው ይጠራዋል። ፊርዳን ይሰማል። ስሙን በደንብ ይሰማል፤ አንገቱ ሊዞር ይላል፤ ሕዝቡ እያየው ስለሆነ ግን ኩራት ይይዘውና ውኃው ውስጥ ይገባል።

እንዝርቱ ሲወድቅ ሰማሁ። ቀና ስል ሻሺቱ እጇ ባዶ ነው፤ ፈትሉ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጥጥ መሬት ሲነካ የምትቆጣ ሴት አላነሣችውም።

«አትቀጥይ» አለችኝ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

ከዚያ ነገረችኝ። እናቷ ሲሞቱ ወደ ደጋ ወጥታ ነበር። ያኔ በእምነቱ አዲስ ነች። ልቅሶው ሜዳ ላይ ነው፤ የአገሩ ሰው ጦር ይዞ፣ እየፎከረ፣ ሜዳውን ይዞራል። ካሱ የእናታቸውን ጋቢ ይዛ ከፊት እንድትሄድ ፈለገ። እሷ አልነካም ብላ ዳር ቆመች። በመጨረሻም ትታ ወደ መንገዱ ወረደች።

«ጠራኝ፣ አገርነሽ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹ሻሺቱ!› ብሎ ጠራኝ። ከመንገዱ ሥር ያለው ምንጭ ጋ ደርሼ ነበር። ሰማሁት። ተሻገርኩ።»

«ሃይማኖትሽ ነው፣ ምን ታደርጊ።»

«ሃይማኖቴ ጋቢውን አትያዢ አለችኝ እንጂ ወንድምሽን አትዪው አላለችኝም። መዞር እችል ነበር። እያየሁት አልሄድም ማለት እችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜን አይጠራም አሉ። ‹ያቺ› ነው የሚለኝ። ባለፈው ደግሞ የዶርዜ ሸማኔዎች ታሟል አሉኝ፤ ተነሣ ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፍ አጣሁ።»

ላጽናናት ብዬ፣ «ይሄ እኮ ተረት ነው፤ አንቺም ጎሜ አልፈራም የምትዪ ሰው ነሽ» አልኳት።

«ጎሜ አልፈራም» አለች፤ «ካሱን ነው የምፈራው።»

ከወደቀው ፈትል ቆርጣ፣ በደረስንበት ገጽ መሀል አስገብታ መጽሐፉን ዘጋችው።

«ብቻሽን እንዳታነቢ።»

«የራሴ መጽሐፍ እኮ ነው!»

«ይሁን። እኔ ነገሬን ሳልጨርስ ንጉሡ የትም አይሄድም።»

ከልቧ ነበር። የእሷ ነገር ሳያልቅ የመጽሐፉ ካለቀ፣ የንጉሡ መጨረሻ እሷ ላይ የሚፈረድ መስሏት ነበር ብዬ አስባለሁ። መጽሐፉን ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ሳልነካው ቆየሁ። ቢያሳክከኝም አልነካሁትም፤ በቀዳዳው እየገባች ፈትሉ ከቦታው መኖሩን ታይ ነበር፣ ይቺ ተንኮለኛ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ በእጇ የሙዝ ቅጠል ጥቅልል ይዛለች። ከውስጡ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ተነሺ፣ ዶርዜ እንውጣ።»

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ሣር። ከኩልፎ ዳር ቆርጬ ነው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ሻሼ፣ ዶርዜ ሣር ጠፍቶ ነው ከቆላ የምትጭኚው? ጭነት ወደ ላይ!»

«የተቀመጥኩት እዚህ ነው፣ ሣሩም ከዚህ ነው» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልተከራከረችም። እኔም ጫማዬን አደረግሁ።

የጨንቻ ሚኒባስ ውስጥ ጥቅልሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በየመታጠፊያው በላስቲክ ከያዘችው ውኃ ታርከፈክፍበት ነበር። ረዳቱ ልብሱ ረጠበበት።

«እናቴ፣ ሣሩ ለበግ ነው? በጉ የታለ፣ ሒሳብ አለበት!»

መኪናው ሁሉ ሳቀ። ሻሺቱ ቀና ብላ፣ «በጉ እኔ ነኝ» አለችው። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ የደጋ ሽማግሌ ዞር ብለው ሣሩን አዩት፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ረዳቱም ገባው መሰለኝ፣ ሒሳብ ወደ መቀበሉ ዞረ። ከፍታው ላይ ስንደርስ ሁለቱ ሐይቆች፣ ዓባያ ቀይ ሆኖ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች ታዩን። እሷ አላየችም። ሣሯን ነው የምታየው።

ከመኪናው ስንወርድ ጭጋግ ነበር። እንደ መጽሐፉ ጭጋግ፤ ቃል በቃል። ቀርከሃውና እንሰቱ መሀል ባለች ቀጭን መንገድ ስንወርድ፣ ከፊታችን አንድ ሰው በዱላ እየተደገፈ ወደ ምንጩ ሲሄድ አየን። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየን። ሻሺቱ ቆመች። ምንም ሳትለኝ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ቅጠሉን ፈትታ ሣሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ካሱ!»

ሰውየው ይሄዳል።

«ካሱ!»

ምንጩ ጋ ደረሰ። መረገጫ ድንጋዩ ላይ አንድ እግሩን አሳረፈ። እኔ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ፊርዳን የሚባል ንጉሥ መኖሩን የማያውቅ ሰው ነው፤ ምን ብዬ ልጩህበት? ‹አትሻገር፣ መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ› ልበለው?

እግሩን ከድንጋዩ አነሣ። አልተሻገረም፤ አልዞረምም። ጀርባውን እንደሰጠን በጋሞኛ ተናገረ። ጋሞኛ ሙሉ ባልናገርም ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁና ይሄን ያህሉ አያመልጠኝም።

«ማነው ስሜን የሚጠራው?»

«የእናትህ ልጅ።»

«የእናቴ ልጅ ሜዳ ላይ ትታኝ ሄዳለች።»

«እሷው ናት የመጣችው።»

ውኃው ብቻ ይሰማል። ጉልበቷ ጭቃው ውስጥ እየገባ ነው፤ ላነሣት ፈልጌ ነበር፣ ግን የማነሣት እኔ አይደለሁም። ካሱ በዱላው ዙሪያ ቀስ ብሎ ዞረ። በሽታው ፊቱን ጨርሶታል፤ ዓይናቸው ግን የአንድ እናት ነው። መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሣሩን አየ። ያን ያህል ውኃ ብታጠጣውም ጫፍ ጫፉ ጠውልጎ ነበር።

«ይሄ የቆላ ሣር ነው» አለ።

«አዎ።»

ጎንበስ አለ። ለታመመ ሰው መጎንበስ ቀላል አይደለም። ከምንጩ ዳር አንድ ጭብጥ ለምለም ሣር ነጨ፣ ውኃ ውስጥ ነከረው፣ ከዚያ በእጇ ካለው ላይ ጨመረበት። «ሻሺቱ» አለ።

በሁለት ሰው ብቻ አያልቅም፤ ሽማግሌዎች ተጠሩ። በማግስቱ ዱቡሻው ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ጠራኝ፤ ሰማሁ፤ አልዞርኩም» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እሷ «በኢየሱስ ስም አሜን» ስትል ከዳር አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤ መራቂው ሽማግሌ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ዝም በል፣ አሜን አሜን ነው» አሉት። እናቷ የተቀበሩበት ቦታ ከካሱ ጋር ሄደች። እኔ አልተከተልኳቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ገና ሳታርፍ በቀዳዳው መጣች። «በይ፣ ጨርሺልኝ።»

አነበብኩላት። የቀረው ጥቂት ነበር። ፊርዳን አርጅቶ፣ አገሩ ጠፍቶ፣ ወደዚያ ወንዝ ይመለሳል። ኦርንን ከሩቅ ያየዋል፤ ከኋላው ይጠራዋል። ኦርን ይሰማል። አይዞርም። ፊርዳን ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ኮረብታው ሥር ይጠፋል፤ አለቀ።

ሻሺቱ እንዝርቷን አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ይሄን አስቀድመሽ አንብበሽልኝ ቢሆን፣ ተራራውን አልወጣም ነበር» አለችኝ። ድምፅዋ ፈርቶ ነበር፤ ከመውደቅ የተረፈ ሰው ወደ ገደሉ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እንደሚፈራ። እንዝርቷንም አንሥታ ቀጠለች።

በዓመቱ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ከታመመው ወንድሟ እሷ ቀድማ አረፈች። ያን ቀን በዋናው በር የሚመጣልኝ አልነበረም፤ እኔው ነኝ በቀዳዳው ገብቼ ያገኘኋት።

ካሱ ወረደ። ቆላ የማይወደው ሰውዬ፣ ቡሉኮውን እንደለበሰ በዚያ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ቀበራት። ሰው ሲበታተን በዱላው እየተደገፈ ወደ እኔ መጣ። አማርኛው ጥቂት ነው።

«መጽሐፍ ያነበብሽላት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ነግራኛለች። ንጉሡ ወንድሙን የጠራበት ድረስ። ቀሪውን አልነገረችኝም፤ ስጠይቃት ረስቻለሁ አለችኝ።» ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ወንድምየውስ? ዞረ?»

ገጹን አውቀዋለሁ። ጨርሰን ከዘጋነው ወዲህ ፈትሏ ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

«ዞረ» አልኩት። «ሣርም ጨመረበት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ደግ አደረገ» አለ፤ ወደ ጨንቻው መኪናም ሄደ።